በመከራ ጊዜ በእግዚአብሔር መታመን፦ በተግባር ምን ይደረጋል?

የማክሰኞ ጥናት፦

ሰላም ለሁላችሁ ወገኖች። ጥያቄዬ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን ለሚመሩ ሰዎች የሚሆን ነው። በአንድ ቡድን ውስጥ አንዱ ታሟል፣ አንዱ ሥራ አጥቷል፣ አንዷ ሐዘን ላይ ናት። ሁሉም «በእግዚአብሔር ታመኑ» ይባላሉ፤ ሁሉም «አሜን» ብለው ይበተናሉ። ነግቶ ሲነሱ ግን ምን እንደሚያደርጉ የነገራቸው የለም። ስለዚህ፦ መጸለይ ያቃተው ሰው ምን ያድርግ? ለእግዚአብሔር ቅሬታ መናገር ኃጢአት ነው ወይ? ሐኪም ጋ መሄድና ሥራ ማፈላለግ ከመታመን ጋር ይጋጫል ወይ? የተጎዳን ሰው የሚጠይቅስ ምን ይበል፣ ምንስ አይበል? የየራሳችሁን ምስክርነት ለሌላ ጊዜ አቆዩትና ቡድን ውስጥ ሊሠራበት የሚችል ነገር ጻፉልኝ።

ቃል አጥኚ፦

ከጸሎቱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው።

የተጨነቀ ሰው «መጸለይ አቃተኝ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ያቃተው አንድ ዓይነት ጸሎት ነው፦ መጀመሪያ ምስጋና፣ ቀጥሎ ልመና፣ መጨረሻ አሜን። አፉ ምስጋናውን እምቢ ሲለው ጸሎቱን በሙሉ ይተወዋል። መዝሙረ ዳዊትን ብትቆጥሩት ግን ከ150ው መዝሙር ሲሶ የሚያህለው ሰቆቃ ነው፤ ሐዘንንና ቅሬታን ለእግዚአብሔር የሚናገር ጸሎት ማለት ነው። እግዚአብሔር ራሱ በመጽሐፉ ውስጥ እንዲኖር የፈቀደው ጸሎት ነውና ልንጸልይበት እንችላለን።

መዝሙር 13ን ውሰዱ። አጭር ናት፣ ስድስት ቁጥር። መጀመሪያ ዳዊት እግዚአብሔርን በስሙ ይጠራል። ወዲያው «እስከ መቼ» እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ረሳኸኝ፣ ፊትህን ሰወርህብኝ፣ ጠላቴ በላዬ ኮራ። በመካከሉ ልመናው ይመጣል፦ ተመልከተኝ፣ ስማኝ፣ ዓይኖቼን አብራ። በመጨረሻ «እኔ ግን» ብሎ በምሕረትህ ታመንሁ ይላል፣ እንደሚዘምርም ቃል ይገባል። ልብ በሉ፣ በልመናውና በ«እኔ ግን» መካከል የተለወጠ ነገር የለም። ጠላቱ አልሞተም፣ መልስም አልመጣም።

ቡድን ውስጥ የሚሠራው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ስጡ፣ 15 ደቂቃ በቂ ነው። አምስት መስመር ይጻፍ፦ መጥራት፣ መናገር፣ መለመን፣ መታመን፣ ቃል መግባት። ሥራ ላጣ ሰው ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«አባቴ ሆይ። ማመልከቻ የላክሁባቸው ሁሉ ዝም አሉኝ፤ አንተም ዝም ያልኸኝ ይመስለኛል፤ ሰው ፊት መቅረብ አፍሬአለሁ። የዚህን ወር ኪራይ የምከፍልበትን መንገድ ክፈትልኝ፤ ነገ የምደውልለት ሰው ጋ ሞገስ ስጠኝ። መንገዱን ባላይም እስከ ዛሬ ያቆምኸኝ አንተ ነህና ከአንተ ሌላ አልሄድም። በሩ ሲከፈት በጉባኤ መካከል አመሰግንሃለሁ።»

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ሰው ቅሬታውን ያለሰልሰዋል። «ትንሽ ከብዶኛል» ብሎ ይጽፍና ልቡ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ ልመናው ጭጋግ ይሆናል፤ «ባርከኝ፣ እርዳኝ» ብቻ። ምን እንደለመነ ያላወቀ ሰው ሲሰጠውም አያውቅም። ሦስተኛውና የከፋው ግን ወደ «እኔ ግን» መሮጥ ነው። መሪው ዝምታውን መታገስ ያቅተውና «እሺ፣ አሁን በእምነት እናውጅ» ይላል። መዝሙር 88 እስከ መጨረሻው ጨለማ ናት፣ ያለ «እኔ ግን» ታበቃለች። በመጀመሪያው ቀን አራተኛውን መስመር መጻፍ ያቃተው ሰው ባዶ ይተወው። ሳምንት ይመለስበታል።

አሮጌው መንገድ፦

ወንድሜ፣ ያልኸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። እስራኤል በምድረ በዳ ምን ሆኑ? በዘኁልቁ 14 ያጉረመረመው ትውልድ ከነዓንን ሳያይ ቀረ። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 10፥10 እንደነሱ አታንጐራጕሩ ይላል። ሰው «ሰቆቃ ነው» እያለ የልቡን ምሬት ሁሉ እንዲያራግፍ ፈቃድ መስጠት አያስፈራም? ዛሬ «ለምን ረሳኸኝ» ያለ ነገ «የለህም» ይላል።

ቃል አጥኚ፦

ፍርሃትዎ ትክክል ነው አባቴ፤ ልዩነቱ ሳይነገር ከቀረ አደጋ አለው። ልዩነቱን ለማየት ዘኁልቁ 11ን ያንብቡ፤ ሁለቱም በአንድ ምዕራፍ ውስጥ አሉ። ሕዝቡ ያጉረመርማል፣ እሳት ይወርዳል። ትንሽ ወረድ ብሎ ሙሴ ራሱ ለእግዚአብሔር «ለምን በባሪያህ ላይ ክፉ አደረግህ? ይህን ሁሉ ሕዝብ እኔ ፀነስሁትን? እንዲህ ከምታደርገኝ ግደለኝ» የሚል ነገር ይናገራል። ከሕዝቡ የባሰ ንግግር ነው! የመጣለት መልስ ግን እሳት ሳይሆን 70 ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሸክሙን አብረውት እንዲሸከሙ።

ስለዚህ ቃሉ ምን ያህል መራራ እንደሆነ ከመለካት ሦስት ነገር መጠየቅ ይሻላል። ለማን ነው የሚነገረው? ሕዝቡ በድንኳኑ ደጃፍ እርስ በርሱ ያለቅሳል፤ ሙሴ ለእግዚአብሔር ይናገራል። ምን ይፈልጋል? ሕዝቡ ዓሣውንና ዱባውን ይናፍቃል፤ ሙሴ የተሰጠውን ሥራ መሸከም አቅቶት እርዳታ ይፈልጋል። ወዴትስ ያመራል? በምዕራፍ 14 «አለቃ ሾመን ወደ ግብፅ እንመለስ» ተባለ። ሙሴ ግን ከተናገረ በኋላም እዚያው ቆመ።

ከልምምድ አንጻር ደግሞ፣ «የለህም» ወደሚል የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ የተናገረው አይደለም፤ ሳይናገር ለብዙ ጊዜ ፈገግ ሲል የኖረው ነው።

አሮጌው መንገድ፦

ሦስቱን ጥያቄዎች ተቀብያለሁ። ወረቀቱ ላይ ከላይ ይጻፉ እንግዲህ፣ ሰው እንዳይስት።

የሌሊት ተረኛ፦

እኔ ደግሞ መንፈሳውያን የምንባለው የምንዘነጋውን ላንሳ፦ ሥጋን።

1ኛ ነገሥት 19። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተኝቶ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» ይላል። በዚያች ሰዓት እግዚአብሔር አልገሠጸውም፣ ትምህርትም አላስተማረውም። አስተኛው። መልአክ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። እንደገና ተኛ። ዳግመኛ ቀስቅሶ «መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ» አለው። ከዚያ በኋላ ነው ኮሬብ ድረስ 40 ቀንና 40 ሌሊት የሄደው፣ ዋሻው ውስጥም «ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ የተጠየቀው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ሦስት ሌሊት ያልተኛን ሰው «እምነትህ የት አለ» ማለት ለኤልያስ እንጎቻውን ከልክሎ ጥያቄውን ማስቀደም ነው።

በተግባር፦ ጭንቀት ላይ ያለ ሰው የሚበላበትንና የሚተኛበትን ሰዓት ይወስን። ሌሊት ሐሳብ ሲያባንነው አልጋው ላይ ሆኖ አይከራከር፤ ተነሥቶ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ያስምር። በአንዱ «ነገ የምሠራው»፣ በሌላው «ከእጄ ውጭ የሆነው»። «የምርመራውን ውጤት ለመጠየቅ 3 ሰዓት ላይ መደወል» በመጀመሪያው ይገባል፤ «ውጤቱ ምን ይሆን» በሁለተኛው። ከዚያ ሁለተኛውን ዓምድ አንድ በአንድ እየጠራ ለእግዚአብሔር ያስረክብ። 1ኛ ጴጥሮስ 5፥7 «የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት» ይላል፤ መጣል እንግዲህ የሚጣለውን አንሥቶ ማየትን ይጠይቃል። በደፈናው «ሁሉን ትቼልሃለሁ» ያለ ሰው ሁሉንም ይዞ ይተኛል። ጭንቀቱ ተመልሶ ከመጣ (ይመጣል) ወረቀቱ ላይ መኖሩን አይቶ ያንኑ ስም ጠርቶ እንደገና ያስረክብ። ደጋግሞ ማስረከብ እምነት ማነስ አይደለም። ስልክ ግን አይክፈት። ሌሊት ስለ በሽታ ስልክ ላይ አንብቦ የተጽናና ሰው እስካሁን አልተገኘም።

አንድ ነገር በጥብቅ፦ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከባድ ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ከልክ በላይ መተኛት፣ ምግብ መጥላት፣ ምንም ነገር ደስ አለማሰኘት ከቀጠለ ሐኪም ይየው። መሞት የሚመኝ ወይም ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ ሰው ካለ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም። ብቻውን አይተው፤ የሚጎዳበት ነገር ከአጠገቡ ይራቅ፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይወሰድ። በቀጥታ «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። ጸሎቱ መንገድ ላይም ይደርሳል።

ጥያቄ አለኝ፦

ስለ ጸሎት ልመለስና፣ «ፈቃድህ ከሆነ» ብሎ መጸለይ የጥርጣሬ ጸሎት ነው ይላሉ አንዳንድ አገልጋዮች። ማርቆስ 11፥24 የለመናችሁትን እንዳገኛችሁ እመኑ ይላል። ታዲያ የታመመን ሰው ቡድኑ እንዴት ይጸልይለት?

ሽበት፦

ልጄ፣ ማርቆስ 11ን የተናገረው ጌታ ማርቆስ 14 ላይ በጌቴሴማኒ ምን ብሎ ጸለየ? «ይህን ጽዋ ከእኔ ውሰድ፤ ነገር ግን አንተ የምትወደው እንጂ እኔ የምወደው አይሁን»። አንድ ወንጌል፣ አንድ አፍ። በማቴዎስ እንደተጻፈው ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ደገመው። ጳውሎስም ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነበር። የነዚህን እምነት የሚጠራጠር ካለ ይምጣ።

ነገር ግን «ፈቃድህ ከሆነ»ን እንደ መሸሸጊያ የሚጠቀምበትም አለ፤ ቢሆንም ባይሆንም እንዳያፍር ልመናውን ያቀዘቅዘዋል። ጌታ እንዲህ አላደረገም። መጀመሪያ የሚፈልገውን በግልጥ ተናገረ፤ ከዚያ ለአባቱ ተወ። ለታመመው ስትጸልዩ ሁለቱም ይኑር፦ «ፈውሰው። ዕጢው እንዲጠፋ እንለምንሃለን። የምታደርገው አንተ ነህ፤ ባታደርገውም አንተው ነህ።» ይህ የሦስቱ ወጣቶች እምነት ነው፤ ዳንኤል 3 ላይ አምላካችን ያድነናል ካሉ በኋላ ባያድነንም ለጣዖትህ አንሰግድም ብለው ቆሙ። መታመን ውጤቱን ማወቅ ቢሆን ኖሮ ያ ሁለተኛው ቃል ባላስፈለገ ነበር።

እምነቱ ትንሽ ነው ብሎ የሚፈራ ሰው ካለ ደግሞ ማርቆስ 9 ላይ ያለውን አባት አሳዩት። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ፣ ልጁም ተፈወሰ። ተመልሰህ እምነትህን ሞልተህ ና አልተባለም።

ምዕራፍና ቁጥር፦

የምትጠቅሷቸው ጥቅሶች ጥሩ ናቸው። ሰው በመከራ ጊዜ ግድግዳ ላይ የሚለጥፋቸው ግን ሌሎች ናቸው፤ ሦስቱም ከቦታቸው ተነቅለው ነው የሚለጠፉት።

ኤርምያስ 29፥11፣ «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ...» የሚለው። ደብዳቤው ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ነው። አንድ ቁጥር ከፍ በሉ፦ 70 ዓመት ሲፈጸም ይላል። ቁጥር 5ን እዩ፦ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ። በምዕራፍ 28 ሐናንያ «በሁለት ዓመት ሁሉም ይመለሳል» ብሎ ተንብዮ ነበርና የኤርምያስ ቃል ያንን የሚያፈርስ ነው። የዚያን ዘመን ታላላቆች አብዛኞቹ እዚያው ባቢሎን ይሞታሉ። ስለዚህ ጥቅሱ «በቅርቡ ይወጣልሃል» አይልም። ረጅም ለሆነ መከራ ግን ከዚህ የተሻለ ምዕራፍ የለም፤ መውጫውን እየጠበቅህ ሕይወትን አታቁም ይላልና። ሥር የሰደደ ሕመም ላለበት ሰው ቁጥር 5ን አንብቡለት።

ሮሜ 8፥28፣ ሁሉ ለበጎ። በጎው ምን እንደሆነ ቁጥር 29 ይናገራል፦ የልጁን መልክ መምሰል። የጠፋው ሥራ በተሻለ ሥራ ይተካል የሚል ዋስትና አይደለም። ሁሉ ነገር በጎ ነውም አይልም፤ የልጅ ሞት በጎ አይደለም። ሰው ገና አልቅሶ ሳይጨርስ ይህን ጥቅስ መምዘዝ ይቅር።

ሦስተኛው፣ «እግዚአብሔር ከአቅምህ በላይ አይሰጥህም»። ይህ ጥቅስ የለም። ያለው 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13 ነው፤ የሚናገረውም ወደ ኃጢአት ስለሚያስት ፈተና ነው፣ መውጫው አብሮ ተዘጋጅቷል ይላል። ስለ መከራ ግን ያው ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 1፥8-9 በእስያ የደረሰባቸው ከዓቅማቸው በላይ እንደነበር፣ በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ እንደቆረጡ ይጽፋል። ለምን? ሙታንን በሚያስነሣው እንጂ በራሳችን እንዳንታመን ይላል። ከአቅም በላይ መሆኑ የእምነት ጉድለት አይደለም ማለት ነው። ከአቅም በላይ የሆነበትን ሰው «ከአቅምህ በላይ አይደለም» ማለት ደግሞ ሁለተኛ ሸክም ነው።

ጥቅስ ከመለጠፋችሁ በፊት ከበላዩ አሥር ቁጥር፣ ከበታቹ አሥር ቁጥር አንብቡ። ሌላ ሕግ አያስፈልግም።

ጥያቄ አለኝ፦

«ከአቅምህ በላይ አይሰጥህም» ጥቅስ አይደለም? ስንት ስብከት ሄደ በዚህ!

ምዕራፍና ቁጥር፦

ብዙ።

መርከበኛው፦

ሐኪምና ሥራ ፍለጋን በተመለከተ ማንም አልነካውም፣ እኔ ልሞክር።

ይህን የሚፈታው የሐዋርያት ሥራ 27 ነው። ጳውሎስ የተሳፈረበት መርከብ በማዕበል ተመትቷል፣ ላይዋ 276 ነፍስ አለ። መልአክ ለጳውሎስ ቆሞ ከአንዱም ነፍስ እንደማይጠፋ ይነግረዋል፤ ተስፋው ቁርጥ ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን መርከበኞቹ በጀልባ ሾልከው ሊሸሹ ሲሉ ጳውሎስ ለመቶ አለቃው «እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ እናንተ ልትድኑ አትችሉም» አለው። ወታደሮቹም የጀልባዋን ገመድ ቆረጡ። ቀጥሎ 14 ቀን ሳይበሉ ለሰነበቱት «ብሉ፣ ለደኅንነታችሁ ነው» ብሎ እንጀራ አንሥቶ አመስግኖ በፊታቸው በላ። ከዚያ ስንዴውን ወደ ባሕር ጥለው መርከቡን አቀለሉ። ዋና የሚችል ዋኘ፣ ያልቻለ በሳንቃ ወጣ። ተስፋውም ሥራውም በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም።

ሕክምናውም እንዲሁ። ሕዝቅያስ ታሞ ሲያለቅስ 15 ዓመት ተጨመረለት፣ ቃሉ ከእግዚአብሔር ዘንድ መጣ። ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና በቁስሉ ላይ አድርጉ አለ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱና ስለ ተደጋገመው ሕመሙ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ ጻፈለት፣ ጥሮፊሞስንም ታሞ በሚሊጢን ተወው። ይህ የብዙዎች ፈውስ የሆነው ጳውሎስ ነው።

ድንበሩ የቱ ጋ ነው? ማቴዎስ 4 ላይ ሰይጣን ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ጣል ሲለው የጠቀሰለት እውነተኛ መዝሙር ነው። ጌታ ግን ጌታ አምላክህን አትፈታተነው አለ። መድኃኒት አቋርጦ «እስቲ ይፈውሰኝ እንደሆን» ማለት ከመቅደስ ጫፍ መዝለል ነው። በተለይ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የኤችአይቪና የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በራስ ፈቃድ ሲቋረጥ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ አንዳንዱ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ተፈውሻለሁ የሚል ሰው ቢኖር እንኳ መድኃኒቱን እየወሰደ ሄዶ ይመርመር። እግዚአብሔር የፈወሰው በምርመራ አይጠፋም፤ ጌታም የነጻውን ለምጻም ሂድና ራስህን ለካህን አሳይ ብሎታል።

ሥራ ለሚፈልግ ደግሞ ነህምያ 4፥9፦ ጸለዩ፣ ጠባቂም አቆሙ። ጸልዮ ማመልከቻ ያልላከ ግማሹን ትቷል። ልኮ ያልጸለየም እንዲሁ።

የሌሊት ተረኛ፦

የመድኃኒቱን ነገር ስለጻፍህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በትልቁ ይጻፍልን።

አሮጌው መንገድ፦

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው በጭንቀት ላይ ሳለ ኪሱን የሚያዩ አሉ። «ይህን ያህል ስጥ፣ ይህ ቀንበር ይሰበራል» የሚሉ። ኤልሳዕ ንዕማንን ከለምጹ ካነጻው በኋላ ስጦታ ሲቀርብለት በሕያው እግዚአብሔር ምሎ አልወሰደም። አገልጋዩ ግያዝ ሮጦ ወሰደ፣ ለምጹንም አብሮ ወሰደው። በፈውስ ላይ ዋጋ የሚለጥፍ የግያዝ ወገን ነው። ቡድን የሚመራ ሰው ይህን በግልጥ ይናገር፤ ታማሚውና ሥራ አጡ ያላቸውን የመጨረሻ ገንዘብ የሚያስረክቡት በዚህ ወቅት ነው።

ወዲያ ማዶ፦

ስለ መጠየቅ ስላልተነገረ፦ የኢዮብ ወዳጆች በምዕራፍ 2 መጨረሻ ያደረጉት ድንቅ ነበር። ሦስቱም ተቀጣጥረው መጡ፣ አለቀሱ፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት በምድር ተቀመጡ። የተበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። የተናገሩትም ክህደት አልነበረም፤ ጻድቅ ይባረካል፣ ኃጢአተኛ ይቀጣል የሚል እውነት የሚመስል ነገር ነበር፣ በተሳሳተ ሰው ላይ የተነገረ። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው፣ ያን ሁሉ ሲያማርር የነበረውን ኢዮብን እንዲማልድላቸው ላካቸው።

እንግዲህ ለጠያቂ፦

ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። ሕመምተኛ ጋ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ እሱ ካላቆያችሁ ተነሡ። «የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ንገረኝ» አትበሉ፤ የተጨነቀ ሰው አያዝዝም። «ሐሙስ ልጆቹን ከትምህርት ቤት እኔ አመጣቸዋለሁ»፣ «ቅዳሜ ሐኪም ቤት አብሬህ እሄዳለሁ» በሉ። ቀን ያለው ነገር ይሁን፣ የተባለውም ይደረግ።

ምክንያት አትፈልጉ። «ምናልባት እግዚአብሔር ሊያስተምርህ...» የሚለው ከሦስቱ ወዳጆች የአንዱ የኤልፋዝ መንገድ ነው። «ከዚህ የባሰም አለ» ይቅር። «እሱ የወደደውን ይወስዳል» ይቅር፤ ልጇን ለቀበረች እናት እግዚአብሔርን ሌባ ያደርግባታል። «አዝናለሁ። ምን እንደምል አላውቅም። አብሬሽ ነኝ» በቂ ነው። የሞተውን በስሙ ጥሩት፤ ቤተሰቡ ስሙ እንዳይነሣ ሳይሆን እንዳይረሳ ነው የሚፈራው።

ጸሎት ከፈለጉ ብቻ፣ አጭር፣ ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ። ጸሎት አስመስሎ መስበክ የለም፤ ታማሚው ዓይኑን ጨፍኗልና ማምለጫ የለውም።

ከሁሉ የሚቀረው ደግሞ ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ሰው ይሞላል። በሦስተኛው ወር ማንም የለም፣ ያን ጊዜ ነው የሚከብደው። ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ ቀን መዝግቡ፦ ሦስተኛ ወር፣ ስድስተኛ ወር፣ የሞተበት ዕለት ዓመት ሲሞላው።

ጥያቄ አለኝ፦

እህቴ ወይም ወንድሜ፣ ሁሉም እሺ። ግን ነገሩ ባይለወጥስ? ዓመት ጸልዮ፣ ሐኪም ሄዶ፣ ጽፎ፣ ሁሉንም አድርጎ ምንም ያልተለወጠለት ሰውስ?

ሽበት፦

ዕብራውያን 11ን እስከ ቁጥር 35 አጋማሽ ብቻ የሚያነብ ብዙ ነው። እስከዚያ ድረስ መንግሥታትን ድል ነሡ፣ የአንበሶችን አፍ ዘጉ፣ ከሰይፍ ስለት አመለጡ፣ ሴቶች ሙታናቸውን በትንሣኤ ተቀበሉ። እዚያው ቁጥር መካከል ላይ ግን «ሌሎችም» ይልና ተደበደቡ፣ ተወገሩ፣ በመጋዝ ተሰነጠቁ፣ በሰይፍ ተገድለው ሞቱ ይላል። በሁለቱ መካከል የእምነት ልዩነት አልተጻፈም። ቁጥር 39 ሁሉንም ባንድ ያጠቃልላል፦ እነዚህ ሁሉ በእምነታቸው ተመስክሮላቸው የተስፋውን ቃል አላገኙም።

ዮሴፍ ሲሸጥ 17 ዓመቱ ነበር፣ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30። የጠጅ አሳላፊው ከረሳው በኋላ እንኳ ሁለት ሙሉ ዓመት እስር ቤት ተቀምጧል። እኛ ግን መጨረሻውን ስለምናውቅ 13 ዓመቱን በአንድ ትንፋሽ እናነበዋለን። እሱ መጨረሻውን አያውቅም ነበር። እስር ቤት ውስጥ ምን አደረገ? ሁለቱ ሹሞች ጠዋት ፊታቸው ጠቁሮ አይቶ «ዛሬ ስለ ምን አዝናችኋል?» ብሎ ጠየቃቸው። ፍርዱ ተዛብቶበት በእስር ላይ ያለ ሰው የሌላውን ፊት ማየት መቻሉ፣ የመታመን ምልክት የምለው ይህን ነው። ነገሩ ላልተለወጠለት ሰው የምሰጠው ሥራም ይኸው ነው፤ ትንሽ ሥራ፣ በአቅሙ፣ በሳምንት አንዴ የሌላውን ሰው ፊት ማየት። ግዴታ አታድርጉበት። ካልቻለ ይቅር፣ እሱን የሚያይ ሰው ይላክለት።

የማክሰኞ ጥናት፦

እግዚአብሔር ያክብራችሁ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ወደ ስድስት ሳምንት ልከፍለው ነው። ቅደም ተከተሉን እዩልኝ፦ ሰቆቃ፣ ማጉረምረምና ሰቆቃ፣ የተነቀሉ ጥቅሶች፣ «ፈቃድህ ይሁን»፣ ሐኪምና ሥራ፣ መጠየቅ። የጸሎት ማስታወሻ ደብተርም ላስይዛቸው አስቤአለሁ።

ቃል አጥኚ፦

መጠየቅን ወደ መጀመሪያው ሳምንት አምጣው። በቡድኑ ውስጥ አሁን የተጎዳ ሰው ካለ ሌሎቹ ስድስት ሳምንት ሙሉ እንደ ኤልፋዝ እየተናገሩት አይቆይ። የኤልያስም ምዕራፍ ለብቻው ሳምንት ይገባዋል፤ ሰባት ይሁን።

ደብተሩ መልካም ነው፣ ግን «የተመለሰ» እና «ያልተመለሰ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ብቻ ካደረግህበት የእግዚአብሔርን ፈተና ማረሚያ ይሆናል። ሦስት ዓምድ ይኑረው፦ ቀንና ልመናው፤ በሳምንቱ ውስጥ የሆነው ነገር፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከልመናው ጋር ባይገናኝም፤ ያደረግሁት ድርሻ። በወር አንዴ ወደ ኋላ ይገለጥ። መዝሙር 77 ላይ አሳፍ «ለዘላለም ይጥላልን? ምሕረቱስ ተቆረጠችን?» እያለ ከጠየቀ በኋላ የዞረው ወደ ድሮው የእግዚአብሔር ሥራ ነው፦ አስታውሳለሁ አለ። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ በጭንቀት ጊዜ አይታወስም።

ለየሳምንቱ አንድ መዝሙር፦ 13፣ 42፣ 73፣ 77፣ 88፣ 22፣ 116። 88ን የመጨረሻ አታድርጋት፣ የመጀመሪያም አታድርጋት። ጮክ ብሎ ማንበብ የማይፈልግ ሰው ተራው ሲደርስ ይለፈው።

ምዕራፍና ቁጥር፦

ወረቀቱ ከመባዛቱ በፊት ስለ ቁጥሩ። በግእዙ ዳዊትና በእሱ አቆጣጠር በሚሄዱ እትሞች ከላይ የተጠቀሱት መዝሙሮች በአንድ ይቀንሳሉ፦ 13 የተባለው 12፣ 42 የተባለው 41፣ 73 የተባለው 72፣ 77 የተባለው 76፣ 88 የተባለው 87፣ 22 የተባለው 21 ነው። 116 ብቻ ይለያል፤ ለሁለት ስለተከፈለ 114 እና 115 ላይ ታገኙታላችሁ። ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ጻፍላቸው፤ አለዚያ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ገጽ በመፈለግ ያልቃል።